ቅጣት የተጣለበት ሬሳ፦ በቱሉ ዲምቱ ዳርቻ የሚታይ የተማሪዎች ሙዚቃዊ ተውኔት

ሬሳን መድረክ ላይ አስተኝቶ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሰውን ማሳቅ ቀላል ሥራ አይደለም። በእኛ አገር ሞት ሲነሣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ከልጅነት ጀምሮ የተማርነው ሥርዓት ስለሆነ፣ ይህን የሚሞክር ወጣት ከሳቅ ይልቅ ተግሣጽ ቢያተርፍ የሚገርም አይሆንም። በቱሉ ዲምቱ ዳርቻ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ አዳራሽ ውስጥ ተማሪዎች እሑድ እሑድ የሚያሳዩት ሙዚቃዊ ተውኔት ግን ያተረፈው ሳቁን ነው፤ ያውም የሳቁት ተማሪዎቹ ብቻ ሳይሆኑ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእድር ውስጥ ያሳለፉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደረጉ የአካባቢው እናቶች ጭምር ናቸው። ሥራው እንከን አለበት፤ እንከኑንም አልደብቅም። ሆኖም በሞት ላይ የሚቀልድ ተውኔት በአማርኛ እንዴት መጻፍና መዘመር እንዳለበት የገባቸው ወጣቶች እንደ ሠሩት ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ይታወቃል።

ማስታወቂያው ራሱ የተውኔቱ መግቢያ ነው ማለት ይቻላል። በኮንዶሚኒየሞቹ መግቢያና በታክሲ መያዣው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንደ ማንኛውም የእድር ጥሪ በነጭ ላይ በጥቁር የተጻፈ ነው፤ ርዕስም ሆነ የተዋናይ ፎቶግራፍ የለውም። «አባላችን ስላረፉ እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት በኮሌጁ አዳራሽ እንድትገኙ፤ የቀረ በደንቡ መሠረት ይቀጣል» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አይናገርም። በ100 ብር የሚሸጠው ትኬትም የወርኀዊ መዋጮ ደረሰኝ መስሎ የታተመ ሲሆን፣ በር ላይ የቆመው ተማሪ «የገንዘብ ተቀባይ ፊርማ» በሚለው መስመር ላይ ለእያንዳንዱ ሰው እየፈረመ ስለሚሰጥ ሰልፉ ያለልክ ይረዝማል። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ እኔ በበኩሌ ግን ርዕስ ቢኖረው እመርጥ ነበር፤ ስለ ተውኔቱ ለሰው ለመንገር «ያ የሬሳው» ከማለት በስተቀር ሌላ መጠሪያ አላገኘሁለትምና።

ታሪኩ የሚካሄደው በከተማው ዳር በተሠራ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ነዋሪዎቹ በእጣ የተሰባሰቡ፣ ከተለያየ ሰፈር የመጡ፣ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላም ከመባባል ያለፈ ትውውቅ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። በአንድነት የሚያደርጉት የመጀመሪያው ነገር እድር ማቋቋም ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፤ ደንብ ያወጣሉ፤ በየወሩ ያዋጣሉ። ነገር ግን አብዛኞቹ ወጣት ባለትዳሮች ስለሆኑ ዓመታት ሲያልፉ የሚሞት ሰው ይጠፋና ገንዘቡ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ኮንዶሚኒየም ተረክቦ የገባ ሁሉ እንደሚያውቀው ቤቱን ለመኖሪያ ማብቃት የባለቤቱ ፈንታ ነው፤ ገንዘብ ያዡም «ለጊዜው» እያለ ከእድሩ ገንዘብ እየቀነሰ ወለሉን ሴራሚክ ያስነጥፋል፤ ጣሪያውን ጂፕሰም ያስለብሳል። የመጨረሻው አምፖል በተሰቀለበት ቅዳሜ ሌሊት አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሰውዬ ያርፋሉ። ለሣጥንም፣ ለድንኳንም፣ ለቤተሰቡም የሚሆን ገንዘብ የለም። የወሩ መዋጮ የሚሰበሰበው ግን በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ዳኛውና ገንዘብ ያዡ ሟቹን እስከዚያ ድረስ በሕይወት ለማቆየት ይወስናሉ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቀልድ ሁሉ የሚመነጨው ገጸ ባሕርያቱ የእድሩን ሥርዓት በቁም ነገር ከመያዛቸው ነው። ተዋንያኑ በራሳቸው ቀልድ አይስቁም፤ ወደ ተመልካቹ ዞረው ዓይናቸውን አይጠቅሱም። ሰውዬው ታመዋል የሚል ወሬ በሕንፃው ሲሰማ ጎረቤቶች ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል አንጠልጥለው ለጥየቃ ይመጣሉ፤ አልጋውን ከበው ይቀመጡና «እግዜር ይማርዎ፤ ፊትዎ እንኳ ካለፈው ሳምንት በጣም ይሻላል» ይሏቸዋል። አንደኛዋ ጎረቤት ሰላምታዋን ስላልመለሱላት ተቀይማ ትወጣለች። በእሑዱ ስብሰባ ላይ ደግሞ ምስጢሩን የማያውቀው ጸሐፊ ስም ይጠራል፤ ሟቹ ባለመገኘታቸውም የቀሪ ቅጣት ይጽፍባቸዋል። ገንዘብ ያዡ ነገሩ እንዳይነሣ ሲል የሟቹን መዋጮ ከነቅጣቱ ከራሱ ኪስ አውጥቶ ይከፍላል፤ እድሩ ከእርሱ እጅ ያገኘው የመጀመሪያው ብር ይኸው ነው። ጸሐፊውን የሚጫወተው ልጅ ደረሰኙን ሲቆርጥ በእስክሪብቶው ጫፍ ምላሱን ነካ አድርጎ፣ ካርቦኑን አስተካክሎ፣ ቅጂውን ቀዶ ገንዘብ ያዡ እጅ ላይ እስኪያኖር ድረስ አንድ ቃል አይናገርም፤ አዳራሹ ግን በዚያ ጸጥታ መካከል በሳቅ ይፈርሳል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ብዙ ጊዜ በመድረክ ከቆዩ ተዋንያንም አይገኝም።

ከሁሉም በላይ የሚነገርለት የደረጃው ትዕይንት ነው። መዋጮው ተሰብስቦ ሣጥን ከተገዛ በኋላ ሟቹ ከአራተኛ ፎቅ መውረድ አለባቸው፤ ሕንፃው አሳንሰር የለውም፤ ደረጃውም ጠባብ ነው። በእንዲህ ያለ ሕንፃ ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህን ጥያቄ በልቡ ጠይቆ ያውቃልና፣ ሣጥኑ ገና ከበሩ ሲወጣ ነው ተመልካቹ ማጉረምረም የሚጀምረው። ተማሪዎቹ የሠሩት አንድ የእንጨት ደረጃ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ጎማ አለው፤ ሁለት ልጆች ባዞሩት ቁጥር አንድ ፎቅ እንደ ተወረደ ይቆጠራል። አራቱ ተሸካሚዎች በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ሣጥኑን ማቆም ግድ ይሆንባቸዋል፤ ሟቹም ከውስጥ አብረው ይቆማሉ፤ የግንባራቸው ክዳኑን የመምታት ድምፅ ከከበሮው ምት ጋር ተገጣጥሞ የዘፈኑ አካል ይሆናል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በር ይከፈትና ባለቤቲቱ «ቀለሙን ትናንት ነው ያስቀባሁት» ብላ ትዘፍናለች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሣጥኑ አዲስ ሶፋ ተሸክመው ከሚወጡ ሰዎች ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። የሚወርድ ነው የሚያሳልፈው ወይስ የሚወጣ? ይህ ክርክር በቅብብሎሽ ይዘፈናል፤ የሶፋው ባለቤት «ሶፋው የተገዛው በእዳ ነው» ሲል ተሸካሚዎቹ «ሟቹም አልከፈሉም» ብለው ይመልሳሉ። ዘፈኑ ሲጀመር እንደ እንጉርጉሮ ቀስ ያለ ነው፤ በየፎቁ እየፈጠነ መጥቶ ምድር ቤት ሲደርስ ጭብጨባ ያለበት ችክችካ ይሆናል፤ ያላወቀ ሰው ከበር ሆኖ ቢሰማው ሠርግ ቤት የደረሰ ይመስለዋል። በስተመጨረሻ መጀመሪያ ያለፈው ሶፋው ነው።

ሙዚቃው ይህን ሁሉ የሚሸከመው በጥቂት መሣሪያ ነው፦ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ አንድ ኪቦርድና በየትዕይንቱ መክፈቻ የሚነፋ የእድር ጡሩምባ። ታሪኩን የምትተርከው ሙሾ አውራጅዋ ናት፤ ጥቁር ለብሳ በመድረኩ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ለእያንዳንዱ ክስተት ግጥም ታወርዳለች፤ ዘማሪዎቹም እየተቀበሏት አዝማቹን ይደግማሉ። ግጥሞቹን የጻፈው ተማሪ ማን እንደ ሆነ ባላውቅም፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ በሚገባ ያዳመጠ ሰው መሆኑ ግን አያጠራጥርም። ሙሾ በእኛ ዘንድ ማልቀሻ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ሟችን ማወደስ፣ ቋሚን መንቀፍ፣ በቀጥታ የማይባለውን በዜማ መናገር ከጥንትም ሥራው ነው። ተማሪዎቹ ይህን መብት ሙሉ በሙሉ ተጠቅመውበታል። የገንዘብ ያዡ ጉዳይ በሕንፃው መወራት ሲጀምር ሙሾ አውራጅዋ ወደ አዲሱ የጂፕሰም ጣሪያ ቀና ብላ እንዲህ ትላለች፦

አፈር በላው አትበል፣ አፈር ምን በወጣው፣
ገንዘብ ያዡ አይደል አስቀድሞ የበላው።

እንዲህ ያለው ድፍረት ከተማሪ መምጣቱ በመድረካችን ታሪክ እንግዳ ነገር አይደለም። የአማርኛ ቴአትር የተጀመረው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አውሬዎችን እያናገሩ የሹማምንቱን ጉድ በገለጡበት ኮሜዲ ሲሆን፣ እርሱም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ከዚያም ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በ1920ዎቹ ተማሪዎችን አሰልፈው ቅኔን፣ መዝሙርንና ቃለ ተውኔትን በአንድ መድረክ ያዋሕዱ ነበር። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም በ1948 ዓ.ም. በሩን ከከፈተ ወዲህ ዘፈንና ተውኔት በየመድረኩ ጎን ለጎን ኖረዋል፤ ጎን ለጎን መኖር ግን መዋሐድ አይደለም። በብዙ ተውኔቶቻችን ዘፈኑ በትዕይንትና በትዕይንት መካከል ማረፊያ ነው፤ ቢቀር ታሪኩ ምንም አይጎድልበትም። በዚህኛው ግን ዘፈኑን ብታወጣው ሣጥኑ ከአራተኛ ፎቅ አይወርድም፤ ጸሐፊውም ቅጣቱን አይጽፍም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ትልቅ ልዩነትም ነው።

ሳቁ ወደ ጭካኔ እንዳይሄድ የሚጠብቀው የሟቹ ባለቤት ክፍል ነው። ሴትየዋ የእድሩን ገንዘብ ለማግኘት ስትል ዝም ለማለት ተስማምታለች፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ማልቀስ ተከልክላለች። ጠያቂዎች ሲመጡ ቡና ታፈላለች፤ «ትንሽ ደክሞት ነው» ትላለች፤ ያመጡትንም ብርቱካን እየላጠች መልሳ ለእነርሱው ታቀርባለች። ጠያቂዎቹ ሲወጡ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና ሙሾዋን አፏን ሳትከፍት በጉሮሮዋ ብቻ ታዜመዋለች፤ ከዋሽንቱ በቀር ሌላ መሣሪያ አይሰማም፤ ዜማው ትዝታ ነው፤ ግጥም የለውም። ይህን ሚና የምትጫወተው ልጅ በሰውነቷ ቀጭን፣ በድምፅዋም ጎልታ የምትሰማ አይደለችም፤ በመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች «ይህችን ለምን መረጧት?» ያሰኛል፤ እዚህ ሲደረስ ግን ምርጫው ለምን እንደ ሆነ ግልጽ ይሆናል። ትልቅ ድምፅ ቢኖራት ኖሮ መዝፈን ያምራት ነበር።

ወደ እንከኖቹ ስንመጣ፣ ኪቦርዱ ከሁሉ የከፋው ነው። ማሲንቆውን ይውጠዋል፤ ክራሩን ጨርሶ ያጠፋዋል፤ በሰው ሠራሽ የቫዮሊን ድምፅም ሐዘኑን ሊያሳምር ይሞክራል። እኔ ባየሁበት ዕለት በሁለተኛው ገቢር መካከል መብራት ሄደና ተዋንያኑ ሳያቋርጡ በተመልካቹ የስልክ መብራት ቀጠሉ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ የነበሩት ደቂቃዎች፣ ኪቦርዱ ዝም ስላለ፣ ከዝግጅቱ ሁሉ በድምፅ የጠሩት ሆኑ። አዘጋጁ ይህን ልብ ብሎት እንደ ሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ገንዘብ ያዡን የሚጫወተው ተዋናይ በመጀመሪያው ገቢር እጁን ያለማቋረጥ ያወናጭፋል፤ ሌባ ሁልጊዜ የሚቅበጠበጥ ይመስለዋል መሰለኝ። ሣጥኑ ከተገዛ በኋላ ሲረጋጋ ነው እውነተኛ የሚሆነው።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ስለ መጨረሻው ነው። በቀብሩ ሥፍራ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራል፤ በደንቡ መሠረት የአባል ስም የሚሰረዘው በጠቅላላ ጉባኤ ብቻ ስለሆነ የሟቹን ስምም ይጠራል። ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። ገንዘብ ያዡ ወደ ሣጥኑ ይመለከትና «አለ» ይላል። ጸሐፊው ምልክት ያደርጋል። ሙሾ አውራጅዋ ተነሥታ ይህን ታወርዳለች፦

ከስብሰባ ሲቀር ቅጣት የጣላችሁ፣
ከራሱ ቀብር ግን አልቀረም አያችሁ።

መጋረጃው መውረድ የነበረበት እዚህ ላይ ነው። ከአጠገቤ የነበሩት ሰዎች ለማጨብጨብ ተነሥተው ነበር። ተውኔቱ ግን ቀጠለ፤ ዳኛው ወደ መድረኩ ፊት ወጣና ስለ ሙስና፣ ስለ መተማመንና ስለ ትውልድ ኃላፊነት ረዘም ያለ ንግግር አደረገ፤ ገንዘብ ያዡ ተንበርክኮ ተጸጸተ፤ በኪቦርድ የታጀበ የአንድነት መዝሙርም ተዘመረ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተመልካቹን አዋቂ አድርገው ሲያናግሩት ቆይተው፣ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት የተነገረውን እንዳልገባው ተማሪ ዳግመኛ አስረዱት። ይህ የተማሪዎቹ ብቻ በሽታ አይደለም፤ ተመልካች ያለ ምክር ወደ ቤቱ ከሄደ ተውኔቱ ዋጋ የለውም የሚለው ልማድ በየመድረካችን ሥር የሰደደ ነው። ጸሐፊው ምልክቱን ሲያደርግ ግን ስለ ደንብና ስለ ሰው መባል ያለበት ሁሉ ተብሏል። ልጆቹ ያንን ሩብ ሰዓት ቆርጠው ቢጥሉት ማንም አይፈልገውም።

አዳራሹን በተመለከተ፣ ሰፊና አየር የሚያስገባ ቢሆንም ለቴአትር የተሠራ አይደለም፤ ከመሐል ወደ ኋላ የተቀመጠ ሰው በተለይ የሙሾ አውራጅዋን ግጥም ለመስማት ይቸገራል፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ ደርሶ ወደ ፊት መቀመጥ ይሻላል። ወንበሮቹ ከአካባቢው እድር በውሰት የመጡ ናቸው፤ በጀርባቸው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው ቁጥርና ምሕፃረ ቃል አለ፤ ተመልካቹ ገና ሲቀመጥ ለቅሶ የደረሰ ይመስላል፤ ይህ ታስቦበት ይሁን በአጋጣሚ አላወቅሁም። በዕረፍት ሰዓት ተማሪዎቹ ንፍሮና ቡና ያቀርባሉ፤ ንፍሮው የስንዴና የሽንብራ ሲሆን በደንብ የበሰለ ነው፤ ቡናው ቀጠን ብሏል። 9 ሰዓት የተባለው ዝግጅት ሲጀመር 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ቴአትር ለማየት ፒያሳ ወይም ለገሃር ድረስ መሄድ ግዴታ ለሆነበት የዳር ከተማ ነዋሪ፣ ይህን ሥራ በባጃጅ መንገድ ላይ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ከመሐል ከተማ የሚመጣ ሰው ደግሞ እስከ ቃሊቲ በባቡር፣ ከዚያ ወዲያ በታክሲ ሊደርስ ይችላል። ሲጠናቀቅ ግን መምሸቱ ስለማይቀር ወደ ቃሊቲ የሚመለሰው ታክሲ ይሳሳል፤ መመለሻውን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ታዳጊ ልጆችን ይዞ መሄድ ይቻላል፤ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ እንዲያውም በደረጃው ትዕይንት ከሁሉ አብልጠው የሚስቁት እነርሱ ናቸው። በቅርብ ጊዜ ሰው የሞተበት ወዳጅ ካለ ግን ቢያንስ አርባው እስኪወጣ ድረስ አለመጋበዙ ይሻላል፤ ይህን የምለው በቀልዱ ሳይሆን በባለቤቲቱ ዜማ ምክንያት ነው።